«ይቀናናሉ» የምትለዋን ቃል ከሩጫ ሜዳ አውጡልን

ሁለት ወንዶች በአንድ ርቀት እኩል ሲበረቱ «ተፎካካሪዎች» እንላቸዋለን። ሁለት ሴቶች በአንድ ርቀት እኩል ሲበረቱ ግን «ይቀናናሉ» እንላለን። ርቀቱ ያው ነው፣ ላቡ ያው ነው፣ ሜዳሊያውም ያው ነው። የተለወጠው የሯጮቹ ፆታ ብቻ ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች ቃል ነው። «ምን ትንሽ ነገር አነሳህ?» የሚለኝ ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ። ይህች ቃል በአገር ደረጃ ታላላቅ አትሌቶቻችንን አሳንሳብናለች። በእኛ በአዊ ደግሞ ገና ስማቸው ያልታወቀ ልጆችን ከሜዳ እያስወጣች ነው።

ከቅርቡ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዞናችን በአንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቆየንና፣ ሁለት ልጃገረዶች ነበሩ። ሁለቱም የ1,500 ሜትር ሯጮች ናቸው። አንደኛዋ ሁልጊዜ ትቀድማለች፤ ሁለተኛዋ ደግሞ በየውድድሩ ክፍተቱን እያጠበበች ትከተላታለች። ጠዋት ጉሙ ሳይገፍ በአስፋልቱ ዳር አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ሲሮጡ ያየ ሰው ሁሉ ይደሰት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወሬው ጀመረ። «ተጣልተዋል»፣ «ሰላም አይባባሉም»፣ «እናቶቻቸውም ቡና መጠራራት ትተዋል» ተባለ። የስፖርት መምህራቸው ክፉ ሰው አልነበረም። ወሬው ሲበዛበት ሁለቱንም ጠራና «አንቺ 1,500 ትሮጫለሽ፤ አንቺ ደግሞ 800። ሁለታችሁም ሜዳሊያ ታመጣላችሁ፤ ጠብም አይኖርም» አላቸው።

ሁለተኛዋ ልጅ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ልደርስባት ትንሽ ነው የቀረኝ» አለችው።

«ይኸው! ቅናት ማለት ይኼ ነው» ብሎ መለሰላት።

800 ሜትር አልሆነላትም፤ በዓመቱ ሩጫውን ተወችው። የቀረችውም ብትሆን ከኋላዋ የሚያባርራት ሰው ሲጠፋ ሰዓቷ በዚያው ቆመ። ጠብ እንዳይኖር ተብሎ ሩጫውም አብሮ ቀረ።

«ልደርስባት ትንሽ ነው የቀረኝ» የሚለው ንግግር ከአንድ ሯጭ አፍ ሊወጣ ከሚችለው ሁሉ ምርጡ ነው። ይህን የምትል ልጅ ያገኘ አሰልጣኝ ፈጣሪውን ማመስገን ነበረበት። እኛ ግን ነውር አደረግነው።

አሁን ይህን ንግግር ወንድ ልጅ ተናግሮት ቢሆን ብላችሁ አስቡት። እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ኃይሌ ገብረሥላሴና ስለ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት እንዴት ነው የምናወራው? በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ሁለቱን የለያቸው 9 መቶኛ ሰከንድ ነበር። ያንን ትንቅንቅ ዛሬም ድረስ ለልጆቻችን እንደ ተረት እንነግራቸዋለን። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ ወጣቱ ቀነኒሳ በቀለ ኃይሌን ቀድሞ ወርቁን ሲወስድስ ምን አልን? «ዱላውን ተቀበለ» ነው ያልነው። «ቀነኒሳ በኃይሌ ቀንቶ ነው» ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ቢኖርም እንስቅበት ነበር።

ለሴቶቹ ሲሆን ግን ሳቁ ይቀርና ወሬው ይደራል። ለዚህ ከመሠረት ደፋርና ከጥሩነሽ ዲባባ የበለጠ ማስረጃ የለም። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ የውድድሩ መዝገብ በዚያ ስለሚቆጠር።

መሠረት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ በ1983 የተወለደች። ጥሩነሽ የበቆጂ ልጅ ናት፣ በ1985 የተወለደች። ገና በልጅነታቸው፣ በ2002 በኪንግስተን የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና 5 ሺህ ሜትር ላይ መሠረት ወርቅ፣ ጥሩነሽ ብር ወሰዱ። በዓመቱ ፓሪስ ላይ ጥሩነሽ በ18 ዓመቷ በዋናው የዓለም ሻምፒዮና የ5 ሺህ ሜትር ወርቅ አጠለቀች። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥር ዓመታት የሁለቱ ናቸው።

ሁለቱም የተሰለፉባቸው የኦሊምፒክና የዓለም ሻምፒዮና የ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜዎች አራት ናቸው። እስኪ አብረን እንቁጠራቸው።

▪️ አቴንስ 2004፦ መሠረት ወርቅ፣ ጥሩነሽ ነሐስ።

▪️ ሄልሲንኪ 2005፦ ጥሩነሽ ወርቅ፣ መሠረት ብር። በዚህ ውድድር ከአንደኛ እስከ አራተኛ የገቡት በሙሉ የእኛ ልጆች ነበሩ። ጥሩነሽ የ10 ሺህ ሜትሩንም ወርቅ ጨምራ በአንድ የዓለም ሻምፒዮና ሁለቱንም ርቀት ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

▪️ ቤጂንግ 2008፦ ጥሩነሽ እንደገና በሁለቱም ርቀት ወርቅ። በ5 ሺህ ሜትር መሠረት ሦስተኛ ሆና ገባች፤ ለቱርክ የሮጠችው ኤልቫን አቤይለገሰ በአበረታች መድኃኒት ውጤቷ ሲሰረዝ ግን ከዓመታት በኋላ ነሐሱ ወደ ብር ከፍ አለላት።

▪️ ለንደን 2012፦ ጥሩነሽ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ይዛ ነው ወደ 5 ሺህ የመጣችው። በመጨረሻው ዙርም ከፊት ነበረች። በመጨረሻዋ ቀጥታ መስመር ላይ መሠረት አለፈቻት። መሠረት ወርቅ፣ ኬንያዊቷ ቪቪያን ቼሪዮት ብር፣ ጥሩነሽ ነሐስ። ሦስቱም የገቡት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ነው።

ሁለት ለሁለት። በአራት ፍጻሜ ሁለት ጊዜ አንዷ፣ ሁለት ጊዜ ሌላዋ ቀደመች። በስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሚዛን ያሳየ የአንድ አገር ጥንድ በየትኛው ስፖርት ታገኛላችሁ?

ሜዳሊያውን እንተወውና ሰዓቱን እንየው። የ5 ሺህ ሜትር የሴቶች ክብረ ወሰን በ2004 የኤልቫን ነበር፤ 14:24.68። በሰኔ 2006 መሠረት ኒውዮርክ ላይ 14:24.53 ሮጠች። ያሻሻለችው በ15 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነው፤ የዓይን ቅጽበት ማለት ነው። በዓመቱ ኦስሎ ላይ ያው ራሷ መሠረት 14:16.63 አደረሰችው። በዓመቱ፣ እዚያው ኦስሎ፣ ጥሩነሽ 14:11.15። ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ሰባት ሳምንት ሳይሞላ መሠረት ስቶክሆልም ላይ 14:12.88 ሮጠች። ክብረ ወሰኑን ልታስመልስ የቀራት ሁለት ሰከንድ አይሞላም።

በሁለት ዓመት ውስጥ ከ13 ሰከንድ በላይ ተቆረጠ ማለት ነው። በነዚህ የክብረ ወሰን ሩጫዎች ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን አልነበሩም። አንዷ የሌላዋን ሰዓት ነበር የምታሳድደው። ትሮጥ የነበረው ከቁጥር ጋር ነው፤ ቁጥሩ ግን የሰው ስም ነበረው። «ልደርስባት ትንሽ ነው የቀረኝ» ማለት ይኼ ነው።

ሁለቱ ከ5 ሺህ ሜትር ገለል ካሉ በኋላስ? ያ 14:11.15 ለ12 ዓመታት ማንም ሳይደፍረው ቆየ። በጥቅምት 2020 ነው ለተሰንበት ግደይ ቫሌንሲያ ላይ 14:06.62 ሮጣ የሰበረችው። ምክንያቱ የእነርሱ አለመኖር ብቻ ነው አልልም፤ በመካከል አልማዝ አያናና ገንዘቤ ዲባባ በጣም ተጠግተውታል። ነገር ግን ዓመት ከዓመት ሳያቋርጥ አንዷ ሌላዋን የምትገፋበት ጥንድ በዚያ ርቀት ላይ ለረጅም ጊዜ አልታየም።

በ2006 የጎልደን ሊግ ውድድሮችን አስታውሱ። ከስድስቱ ጥሩነሽ አምስቱን አሸንፋ የሽልማት ገንዘቡን ተካፈለች። ስድስተኛውን በርሊን ላይ የነጠቀቻት ማን ነበረች? መሠረት። ጥሩነሽን ለማሸነፍ ዓለም ላይ ሌላ ሰው ስላልተገኘ እዚሁ ከአገሯ ሰው ተገኘላት። ይህ ጠብ ነው? ይህ ሀብት ነው!

እኛ ግን በዚህ ሀብት ምን ሠራንበት? ወሬ። «አይነጋገሩም አሉ።» «በአውሮፕላን ውስጥ እንኳ ራቅ ራቅ ብለው ነው የሚቀመጡት አሉ።» በሻይ ቤቱ፣ በሬዲዮው፣ በጋዜጣው ገጽ ሁሉ እንዲህ ነበር። የለንደኑን ፍጻሜ የተመለከትኩት በአንድ ዳንግላ ውስጥ ባለ ሻይ ቤት ነው፤ ሰው ታጭቆ። መሠረት መስመሩን አልፋ የእመቤታችንን ሥዕል ከመለያዋ ውስጥ አውጥታ እያለቀሰች ስታሳይ ግማሹ ሰው አብሮ አለቀሰ። ከዚያ አንዱ ተነሣና «ይኼ ለጥሩነሽ ጥፊ ነው!» አለ። ሌላው ደግሞ «ጥሩነሽ ሆን ብላ ነው የገባችባት፤ 10 ሺውን ወስዳ ምን አስፈለጋት?» ብሎ መለሰ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። በአንድ ውድድር አገራችን ወርቅና ነሐስ ወስዳለች፤ ሻይ ቤቱ ግን የሰርግ ቤት መሆኑ ቀርቶ የሸንጎ ቤት ሆነ።

በሁለቱ ሴቶች ልብ ውስጥ ምን እንደነበረ የማወቅ መብት የለኝም፤ እናንተም የላችሁም። ይዋደዱ፣ አይዋደዱ የራሳቸው ጉዳይ ነው። ሜዳ ላይ የሚታየው ግን የሁላችን ነው። በሜዳው ላይ የታየው ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ አንዷ ከሌላዋ ፊት ያልሸሸችበት ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ክርክር አውቀዋለሁ። «ኦሳካ 2007 ላይ መሠረት 5 ሺህ፣ ጥሩነሽ 10 ሺህ ወሰዱ፤ ሁለት ወርቅ። ሞስኮ 2013 ላይም እንደዚያው፤ ሁለት ወርቅ። ስለዚህ መለያየቱ አይሻልም?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ልሽሸው አልፈልግም። አዎ፣ ሜዳሊያ ለመቁጠር ሲሆን ርቀት መከፋፈል ብልሃት ነው። ነገር ግን ኦሳካና ሞስኮ ላይ ወርቅ የወሰዱት ሁለት ሴቶች ከየት መጡ? በአቴንስ፣ በሄልሲንኪ፣ በጎልደን ሊግ ሜዳዎች እርስ በርሳቸው ተቀጣቅጠው የጠነከሩ ናቸው። ብረቱ ከተቀጠቀጠ በኋላ ማረሻም ማጭድም ታደርገዋለህ፤ ሳይቀጠቀጥ ግን ከፋፍለህ ምን ታገኛለህ? የእኛ ትምህርት ቤቶች ስህተት ይኸው ነው። የሠላሳ ዓመት ሴቶች ላይ የሚሠራውን ስሌት በአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ላይ ይሠሩበታል።

ደግሞም ከሞስኮ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ወርቅ ይዘው፣ ዙሪክ ላይ በ5 ሺህ ሜትር ተገናኙ። መሠረት 14:32.83፤ ጥሩነሽ 14:34.82። ለሜዳሊያ አልነበረም። ሁለቱም ቤታቸው ቁጭ ብለው ወርቃቸውን ማየት ይችሉ ነበር። ግን መጡ። እኛ «ጥል» ያልነውን እነርሱ ሥራቸው ነው ያሉት።

የመሠረትና የጥሩነሽ ነገር ልዩ አጋጣሚ አይደለም። ከእነርሱ በፊት ደራርቱ ቱሉና ጌጤ ዋሚ ነበሩ፤ በሲድኒ 10 ሺህ ሜትር ወርቅና ብሩን ተከፋፈሉት። ከእነርሱ በኋላ ደግሞ በሰኔ 2021 የሆነውን አስታውሱ። አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በሄንግሎ ከተማ የአልማዝ አያናን የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን ሰብራ 29:06.82 አስመዘገበች። በሁለተኛው ቀን፣ እዚያው ስታዲየም፣ በእኛው የኦሊምፒክ ማጣሪያ ለተሰንበት 29:01.03 ሮጠች። የዓለም ክብረ ወሰን የቆየው ሁለት ቀን ብቻ ነው! አልማዝ በ2016 በሪዮ ስታስመዘግበው «ይህ ለብዙ ዘመን አይነካም» ያልነው ሰዓት ነበር። ሁለት ሴቶች ሲፎካከሩ የሚሆነው ይህ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያን እንይ። ቢያትሪስ ቼቤትና ፌዝ ኪፕዬጎን ሁለቱም በ5 ሺህ ሜትር ይሮጣሉ። በ2024 ፓሪስ ላይ ቼቤት ወርቅ፣ ኪፕዬጎን ብር። በ2025 ቶኪዮ ላይ ቼቤት ወርቅ፣ ኪፕዬጎን ብር። ፌዝ የ1,500 ሜትር ንግሥት ናት፤ «5 ሺውን ለቢያትሪስ ተይላት፣ ሰው ምን ይላል» ብትባል ኖሮ ኬንያ ሁለት የብር ሜዳሊያ ባጣች ነበር። በሐምሌ 2025 ዩጂን ላይ ሁለቱም በአንድ ቀን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ፤ ፌዝ በ1,500፣ ቢያትሪስ በ5 ሺህ። በ5 ሺህ ሜትር ከ14 ደቂቃ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ዛሬ ኬንያዊት ናት። ክብረ ወሰኑ ከዚያ በፊት የእኛዋ የጉዳፍ ጸጋይ ነበር፤ 14:00.21።

በሽታው የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከሩጫ ወጣ ብለን ሕንድን እንይ። በሕንድ ባድሜንተን፣ ማለትም በራኬት የሚመታው ባለ ላባ ኳስ ጨዋታ፣ ትልቅ ነው። ሳይና ኔህዋልና ፒ.ቪ. ሲንዱ የሚባሉ ሁለት ሴቶች በአንድ ከተማ፣ በሃይደራባድ፣ በአንድ አሰልጣኝ በጎፒቻንድ ሥር አደጉ። ሳይና በ2014 ያንን ማሰልጠኛ ትታ ወደ ባንጋሎር ሄደች፤ በ2017 ተመለሰች። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሕንድ ጋዜጦችም እንደ እኛው «ይነጋገራሉ ወይስ አይነጋገሩም?» ሲሉ ነበር። ውጤቱን ግን ተመልከቱ። ከሳይና በፊት ሕንድ በባድሜንተን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አታውቅም። ሳይና በለንደን ነሐስ፣ ሲንዱ በሪዮ ብር፣ ሲንዱ በቶኪዮ ነሐስ። ሦስት ኦሊምፒክ በተከታታይ። በ2018 በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ፍጻሜ ሁለቱ ተገናኝተው ሳይና 21 ለ18፣ 23 ለ21 አሸነፈች። ያኔ ያሸነፈችው ታላቅየዋ ናት። ታናሿ በዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

የሲንዱ ነገር ሌላም ያስተምራል። በሪዮ ፍጻሜ በስፔናዊቷ ካሮሊና ማሪን ከተሸነፈች በኋላ፣ ማሪን መሬት ላይ ተደፍታ ስታለቅስ፣ ሲንዱ በመረብ በኩል ዞራ ሄዳ አቀፈቻት፤ የወደቀውን ራኬቷንም አነሣችላት። ያንን ወርቅ ሲንዱ በጣም ትፈልገው ነበር፤ ለመውሰድም እስከ መጨረሻው ታግላለች። ብርቱ ፉክክርና ክብር አብረው የሚኖሩ ነገሮች ናቸው። አብረው አይኖሩም ያልነው እኛ ነን።

«ኧረ ይኼ የፈረንጅ ነገር ነው፤ በእኛ ባህል ሴት ልጅ ከሴት ልጅ ጋር መፎካከር አይገባም» የሚል ደግሞ አይጠፋም። የባህል ነገር ከተነሣ እንነጋገራ! እኛ እኮ የፈረሰኛ አገር ነን።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው ተሸልሞ ሲወጣ፣ የዓድዋን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን እያሰበ ሲጋልብ የማያውቅ የለም። ጉግስ ላይ ምን ይደረጋል? አንዱ ሌላውን ያባርራል፤ ዘንግ ይወረውርበታል፤ ያኛው በጋሻ ይመክታል። የተመታ ይመታል። ሽምጥ ግልቢያ ላይ ደግሞ ጎረቤት ጎረቤቱን፣ አማች አማቹን ሊቀድም ፈረሱን ይኮለኩላል። ማታ ግን ሁሉም በአንድ ድግስ ላይ ነው። የቀደመው ይጠጣል፤ የተቀደመው ይጠጣል፤ ክርክሩ ስለ ፈረሱ ነው። «አንተ ፈረሴን የቀደምከው ቀንተህብኝ ነው» የሚል ፈረሰኛ ቢገኝ ዳግመኛ ከጓዶቹ ጋር አይሰለፍም፤ ያፍራል። እንግዲህ ባህላችን ፉክክርን ከጠብ የሚለይ ባህል ነው። ለፈረሰኛ ወንዶች የፈቀድነውን ለሯጭ ሴት ልጆቻችን የከለከልነው ባህሉ አዞን አይደለም። እኛው ነን የከለከልነው።

ወሬውን ማን እንደሚመግበውም ልናገር። ወሬ የሚበቅለው መስፈርት በሌለበት ነው። ከወረዳ ጀምሮ እስከ ብሔራዊ ቡድን ድረስ «ማን ይመረጣል? በምን?» የሚለው ጥያቄ ቀድሞ በግልጽ ካልተመለሰ፣ የተመረጠችው «ዘመድ አላት» ትባላለች፤ ያልተመረጠችው «ቀናች» ትባላለች። ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር የምርጫ ውዝግብ የማንሰማበት ጊዜ የለም። ውዝግቡን የፈጠረው አሠራር ሆኖ ሳለ ስሙ የሚጠፋው የሴቶቹ ነው። ሰዓቱና ደረጃው ተጽፎ፣ ከውድድሩ በፊት ተነግሮ፣ ማጣሪያው በሕዝብ ፊት ቢሮጥ ግን ቅናት የሚባለው ነገር ቦታ ያጣል። ሰዓት አይቀናም።

«በዚህ ዘመን ስለ ሩጫ ማውራት ቅንጦት አይደለም?» የሚለኝም ይኖራል። መንገድ በሚዘጋበት፣ ብዙ ትምህርት ቤት ደጁን በዘጋበት ክልል ውስጥ እንዳለን አውቃለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቀድማ ቤት የምትቀረው ሴት ልጅ ናት። ትምህርት ቤት ሲከፈትም መጨረሻ ላይ የምትመለሰው እሷው ናት፤ እሱም ሳትዳር ከቆየች። ለእንዲህ ያለች ልጅ ሩጫ ጨዋታ አይደለም። በገዛ እግሯ የምትወጣበት በር ነው። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ዳንግላም ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩን እግዜር ሰጥቶናል። ዳገቱንም ሰጥቶናል። ከእኛ የሚጠበቀው ልጅቱን «ተፎካከሪ» ማለት ብቻ ነበር። እሱን ነው የነፈግናት።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው።

1️⃣ ለስፖርት መምህራንና ለአሰልጣኞች፦ በአንድ ርቀት ሁለት ጎበዝ ሴት ልጆች ካገኛችሁ አትለያዩዋቸው። አገናኟቸው። በወር አንዴ ይሮጡ። ሰዓታቸውን በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ጻፉት፤ ሁለቱም ይዩት፣ ሰውም ይየው። የተሸነፈችዋን «በርቺ» በሏት እንጂ ርቀት አታስቀይሯት። ርቀት መቀየር ካለባትም እግሯ ይወስን፤ የሰፈር ወሬ አይወስን።

2️⃣ ለጋዜጠኞችና ለእኛ ለቻናል ጸሐፊዎች፦ «ባላንጣ»፣ «ቂም»፣ «የበቀል ሩጫ» የሚሉትን ቃላት ሴቶች ሲሮጡ ብቻ ከመሳቢያ የምናወጣበትን ልማድ እንተው። ለኃይሌና ለቴርጋት ያልተጠቀምንበትን ቃል ለመሠረትና ለጥሩነሽ አንጠቀምበት። ይህ ለእኔም ነው፤ ከዚህ በፊት የጻፍኩትን ወደ ኋላ ሄጄ አይቼ አፍሬያለሁ።

3️⃣ ለዞንና ለክልል የስፖርት ኃላፊዎች፦ የምርጫ መስፈርታችሁን ከውድድሩ በፊት ለጥፉ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ያቺ አንድ ገጽ ከመቶ የዕርቅ ሽምግልና ትበልጣለች።

4️⃣ ለወላጆች፦ ልጃችሁ ተሸንፋ ስትመጣ «ያቺ ልጅ ምን አላት?» አትበሉ። «ስንት ቀረሽ?» በሏት።

ያችን ከሩጫው የወጣችውን ልጅ በቅርቡ አግኝቻታለሁ። አግብታለች፤ ልጅ አዝላለች። ስለ ሩጫ አላነሣሁባትም፤ እሷ ግን አነሣችው። «ጋሼ፣ ያቺ ልጅ አሁንም ትሮጣለች?» አለችኝ። እንደማትሮጥ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «አይ! እኔ ባልተው ኖሮ አትተውም ነበር» አለች።

ይኸው ነው። ከፌዴሬሽኑም፣ ከጋዜጠኛውም፣ ከእኔም ይልቅ ነገሩ የገባት እሷ ናት። ቅናት አልነበረም። አንዷ ለሌላዋ የመሮጫ ምክንያት ነበረች።

የተስማማችሁም ያልተስማማችሁም ሐሳባችሁን ጻፉልኝ። በተለይ በአካባቢያችሁ እንዲህ ተለያይተው ሜዳ የተዉ ልጆች ካሉ፣ ስማቸውን ሳትጠቅሱ ታሪካቸውን ላኩልኝ። ለሚመለከተው አስተማሪ አድርሱት፤ ለሴት ልጅ አባት አስነብቡት።

ቸር ይግጠመን።